«ይሄ የማን ልጅ ነው?»፦ ኢንተርኔት ላይ ስሙ በክፉ የተነሳ ልጅና አዛውንት ወላጆቹ

አንድ ወዳጄ አለ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከተናገረው ነገር አርባ ሰከንዷ ብቻ ተቆርጣ ወጣችና አገር ምድሩ ተቆጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ስድብ ወረደበት። በአራተኛው ቀን ወላጆቹ ቤት ሲሄድ አባቱ መነጽራቸውን አድርገው ሳሎን ተቀምጠዋል። በግራ እጃቸው ስልክ፣ በቀኝ እጃቸው እስክሪብቶ፣ ጉልበታቸው ላይ ደብተር። የሰደቡትን ሰዎች እየመዘገቡ ነበር። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የተባለው ነገር፣ ቀንና ሰዓት። ሰማንያ ሁለተኛው ላይ ደርሰዋል። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩትና ጣታቸውን አንዱ ስም ላይ አሳርፈው «ይሄ የማን ልጅ ነው?» አሉት።

ስሙ አንድ የአበባ ስምና ስድስት አሃዝ ነበር።

ወዳጄ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ግን እንባው መጣ።

ታሪኩን ከነገረኝ በኋላ ብዙ ቀን አሰብኩበት። «አባትህ ነገሩ አልገባቸውም» ማለት ይቀላል። ገብቷቸዋል እኮ። የገባቸው በሚያውቁት መንገድ ነው። እሳቸው በኖሩበት ዓለም ስድብ ባለቤት አለው። የሰደበህ ሰው ፊት አለው፣ ቤት አለው፣ አባት አለው። ሄደህ «ምን በደልንህ?» ብትለው ወይ ያፍራል፣ ወይ ምክንያቱን ይናገራል። ደብተሩ የዚያ ጉዞ ዝግጅት ነበር። ሰማንያ ሁለት በር ሊያንኳኩ ነው።

ልጅ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ የራሱን ኑሮ እየኖረ፣ ድንገት ኢንተርኔት ላይ መነጋገሪያ ሲሆን ወላጆቹ ምን ያያሉ? እኛ ከምናየውስ ለምን እንዲህ ይራራቃል? ላስረዳ የምሞክረው ይህንን ነው። ብዙዎቻችን በዚያ ሰዓት የምናስበው ስለራሳችን ነው። እነሱን «ቲክቶክ አያዩ፣ ምን ይሰማሉ» ብለን እንተዋቸዋለን።

ይሰማሉ። መጀመሪያ የሚሰሙት ደግሞ በስልክ ጥሪ ነው። ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከድሮ የሥራ ባልደረባ። «ልጅሽ ደህና ነው?» ብሎ የሚጀምር ጥሪ። እናት «ምን ሆነ?» ትላለች። «አይ፣ እንዲያው ነው… ስልክ ላይ አየሁትና…» ይላል ደዋዩ። ከዚያ ዝምታ። የእናት ልብ የሚቆመው እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። እናንተ የነገሩን ትልቅነት የምትለኩት በእይታና በሼር ቁጥር ነው። እሷ የምትለካው በደዋዩ ድምፅ ነው። እህቷ ድምፅዋ ከተንቀጠቀጠ ነገሩ ከባድ ነው። ሁለት ሚሊዮን ሰው አየው ብትሏት ያንን ያህል አይገባትም። ሁለት ሚሊዮን ሰው ደውሎላት አያውቅም።

ወሬው እነሱ ዘንድ እስኪደርስ ደግሞ ተቆራርጧል። ቪዲዮው ከነበረበት ወጥቶ፣ በስክሪንሾት ተነስቶ፣ አንድ ሰው ከላዩ የራሱን አስተያየት ጽፎበት፣ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ይመጣል። ዋትስአፕ ላይ ከመልእክቱ በላይ ሁለት ተደራራቢ ቀስት ካለ ያ ነገር ብዙ ጊዜ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈ ነው ማለት ነው። ይህቺን ትንሽ ምልክት ለወላጅ ማሳየት ብዙ ይጠቅማል። «ይሄ ከአክስቴ የመጣ አይደለም እንዴ?» ይላሉ። አዎ፣ የላከችው አክስት ናት። የጻፈችው ግን እሷ አይደለችም። አክስት ደግሞ ብዙ ጊዜ የእነሱ እኩያ ናት። በአሜሪካ የ2016ን ምርጫ ተከትሎ የተሠራና በ2019 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ነበር። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ከወጣቶቹ ሰባት እጥፍ ያህል የሐሰት ዜና ፌስቡክ ላይ አጋርተው ተገኙ። በየትኛውም ዕድሜ አብዛኛው ሰው ምንም አላጋራም፤ ይህ ሳይባል መታለፍ የለበትም። ያም ሆኖ ወላጆቻችሁ ወሬውን የሚቀበሉበት ሰፈር ወንፊቱ ሰፊ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዛሬ 75 ዓመት የሞላው ሰው ፌስቡክ በ2004፣ ዩቲዩብ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሲጀመሩ ሃምሳውን አልፎ ነበር። ዕድሜውን ሁሉ የሚያውቀው ጋዜጣን፣ ሬዲዮንና ቴሌቪዥንን ነው። እዚያ በር ላይ ጠባቂ ነበር። አዘጋጅ ያያል፣ አለቃ ያያል፣ የማይሆነው ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ነገር ስክሪን ላይ ከወጣ «ባዶውን አይወጣም፣ የሆነ ነገር ቢኖር ነው» ይላሉ። ይህ ሞኝነት አይደለም። ሃምሳ ዓመት የሠራላቸው ማመዛዘኛ ነው። አሁን በሩ ላይ ማንም እንደሌለ፣ የመጣው ሁሉ እንደሚገባ የነገራቸው ሰው የለም።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስተውለው ነገር ልግባ። እናት ያንን ጥሪ ከዘጋች በኋላ ምን ታደርጋለች? የልጇን ስም ትፈልጋለች። አንድ ቪዲዮ ታገኛለች። አንድ የማታውቀው ሰው ልጇን እየዘለፈ ነው። እስከ መጨረሻው ታየዋለች። አንዷ ቃል ስላልተሰማቻት ደግማ ታየዋለች። ከዚያ ለአባት ታሳየዋለች። ከዚያ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣት አንዴ ትደግመዋለች።

ቲክቶክ፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ ሰው ምን እንደፈለገ፣ የቱ ላይ እንደቆየ፣ የቱን እንደደጋገመ ይከታተላሉ። ያንን የሚመስል ይጨምሩለታል። ወድዶ ይየው፣ እያለቀሰ ይየው፣ ለእነሱ ብዙም ልዩነት የለውም። ቆየ አይደል? በቃ። አንድን ቪዲዮ አራት ጊዜ እስከ ጫፉ ማየት «ይህንን አምጡልኝ» ከማለት አይተናነስም። ጠዋት ስልኩን ስትከፍት ሦስት ይጠብቋታል። በማግስቱ አስር። በአራተኛው ቀን ስልኳ ላይ ከልጇ ስድብ ሌላ ነገር የለም። በዚያን ጊዜ እናንተን ያነሳው ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ወሬ ሄዶ ይሆናል። እሷ ስልክ ውስጥ ግን ነገሩ ገና እየነደደ ነው።

አንዲት የማውቃት ልጅ እናቷ ከቤት መውጣት አቆሙባት። «በምን ፊቴ?» እያሉ። ልጅቷ ብዙ ለመነች፣ አልሆነም። አንድ ቀን የራሷን ስልክ አውጥታ ከእናቷ ስልክ ጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሁለቱንም ከፈተች። በእናቷ ስልክ የእሷ ፊት መጣ፣ ቀጥሎም የእሷ ፊት፣ ቀጥሎም የእሷ ፊት። በእሷ ስልክ የሚደንስ ሕፃን፣ ኳስ፣ ፀጉር የምትሠራ ሴትዮ። እናትየው ዝም ብለው ሁለቱን ሲያፈራርቁ ቆዩና «ታዲያ የኔ ለምን እንዲህ ሆነ?» አሉ። «አንቺ ስለምትፈልጊኝ ነው እማዬ» አለቻቸው።

እኔ ስለ አልጎሪዝም፣ ማለትም ለማን ምን እንደሚታይ ስለሚመርጠው ስሌት፣ ብዙ ማብራሪያ አንብቤያለሁ። ከዚህች መልስ የተሻለ አላገኘሁም።

ይህ ከገባቸው በኋላ የስልኩን ነገር ማስተካከል ቀላል ነው። የፍለጋና የእይታ ታሪኩ ይጠፋል። ቲክቶክ ላይ ለምሳሌ ቪዲዮዎቹ ላይ ጣት ተጭኖ በማቆየት «ይህንን አልፈልግም» የሚለው ይመረጣል። ጥቂት ቀን ሌላ ነገር ይታይበታል። ግን ስልኩን ከእጃቸው ነጥቃችሁ አታድርጉት። ጎናቸው ተቀምጣችሁ፣ በእነሱ ጣት ይሁን።

ቁጥሩም መፈታት አለበት። አባት «አንድ ሚሊዮን ሰው ልጄን ጠልቶታል» ካሉ እይታ ሰው እንዳልሆነ ንገሯቸው። ዩቲዩብ ለምሳሌ ከመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ አጫጭር ቪዲዮዎቹ ላይ እይታ የሚቆጥረው ቪዲዮው መጫወት በጀመረ ወይም በተደገመ ቁጥር ነው። አንድ ሰው አምስት ጊዜ ቢያየው አምስት ነው። ጣቱን ሲያንሸራትት ግማሽ ሰከንድ ያለፈበትም አንድ ነው። ከአንድ ሚሊዮኑ ውስጥ ስማችሁን ዛሬ የሚያስታውሰው ስንቱ ነው? አባት ራሳቸው ያዩትም እዚያ ውስጥ ተቆጥሯል። ይህንን ስትነግሯቸው ፊታቸውን እዩት።

አንዳንዴ ስህተቱ በተቃራኒው ነው። ወላጅ ልጁ መሳለቂያ መሆኑን ሳያውቅ «ታዋቂ ሆነ» ብሎ ይኮራል። ያ ከስድቡ ይልቅ የሚያንገበግብ ነገር ነው። እንባ የሚያፈሰውን ቢጫ ፊት ታውቁታላችሁ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ብሎ የመረጠው እሱን ነበር። እየሳቀ ነው የሚያነባው። ለብዙ አዛውንት ግን እንባ እንባ ነው። አንዲት እናት በልጃቸው ቪዲዮ ስር ያንን ፊት መቶ ቦታ አይተው «ሰው እንዴት አዘነለት፣ ሁሉም እኮ ነው የሚያለቅሰው» ብለዋል። ለጎረቤትም አሳይተዋል። ይህንን ማን ይንገራቸው? የኔ ሐሳብ፦ ልጁ ራሱ፣ ሰው ሳይቀድመው። በኋላ ከሌላ ከሰሙት የሚያፍሩት በልጃቸው ሳይሆን በራሳቸው ነው።

ስድቡን ራሱን የሚመዝኑበት ሚዛንም የተለየ ነው። ፊት ለፊት ቆሞ «አንተ የማትረባ» ለማለት ሰው ብዙ መናደድ አለበት። ስለዚህ ወላጅ ኮመንት ሲያነብ ከጀርባው ያንን ያህል ጥላቻ ያለው ሰው ይታየዋል። ጆን ሱለር የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ2004 (እ.ኤ.አ.) ሰው ኢንተርኔት ላይ ልጓሙ ለምን እንደሚላላ ጽፈው ነበር። ስሙ አይታወቅም፣ የሰደበውን ሰው ዓይን አያይም፣ መልሱንም ቁጭ ብሎ መስማት የለበትም። እዚያ የሚጻፍ ስድብ ለጻፊው ምንም አያስከፍለውም። ጽፎት ይተኛል። የማይተኙት እናት ናቸው።

አሁን ስለ ኀፍረት። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሉ ያደጉ ሰዎች ናቸው። ስም ለእነሱ የግል ዕቃ አይደለም። ከአባት የመጣ፣ ለልጅ የሚያልፍ ነው። ኤርቪንግ ጎፍማን የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1963 (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዳው ነውር የተለጠፈበት ሰው ዘንድ ብቻ አይቆምም። የታሳሪ ልጅ፣ የአእምሮ ሕመምተኛ የትዳር ጓደኛ፣ ምንም ሳያደርጉ ከነውሩ ይካፈላሉ። ለዚህ ነው እናንተ «ይሄ የኔ ጉዳይ ነው፣ እናንተን አይመለከትም» ስትሉ የሚጎዱት። ሊያቀልላቸው የታሰበው ቃል ከቤተሰብ እንደማስወጣት ሆኖ ይሰማቸዋል።

ግን ቁጣቸውንና ኀፍረታቸውን ገለጥ አድርጋችሁ ብታዩት ከስሩ የምታገኙት ፍርሃት ነው። ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ጋር በነበራት ግንኙነት ስሟ የተነሳውን ሞኒካ ሌዊንስኪን አስቡ። በ1998 (እ.ኤ.አ.)፣ ገና በ24 ዓመቷ፣ ኢንተርኔት ዓለም ሁሉ መሳለቂያ ካደረጋቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ሆነች። በ2015 (እ.ኤ.አ.) መድረክ ላይ ቆማ ያንን ጊዜ ስትናገር ስለ እናቷ የነገረችው ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። እናቷ ሌሊት ሌሊት አልጋዋ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ገላዋን ስትታጠብ በሩን ክፍት እንድትተው ያደርጓት ነበር። ሁለቱም ወላጆቿ ውርደቱ ቃል በቃል ይገድላታል ብለው ፈርተው ነበር።

የመታጠቢያ ቤቱን በር ክፍት ያስደረጉት እናት ስለ ኢንተርኔት ምን ያህል ያውቁ ነበር? በዚያ ዘመን ማንም ብዙ አያውቅም። ማወቅ የሚገባቸውን ግን አውቀዋል። የእናንተም ወላጆች በቀን ሦስቴ እየደወሉ የማይረባ ነገር ከጠየቁ፣ «ተኛህ?»፣ «ብቻህን ነህ?»፣ «በሩን ዘግተሃል?» ካሉ፣ የሚጠይቁት ስለ በሩ አይደለም።

ጥፋቱ እውነት ሲሆንስ? ሰው አንዳንዴ የሚወቀሰው አጥፍቶ ነው። ይህንን መሸሽ አልፈልግም። እንዲህ ሲሆን ሁለት ነገር ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። አንደኛው ያደረግኩት ነገር ነው፤ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ የተደረገብኝ። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ሰው ሲሰድበን የመጀመሪያውን መደበቅ ይቀናናል፤ «ውሸት ነው፣ ቅናት ነው» ብለን እንገላገላለን። ወላጅ ይህንን ካመነና በኋላ እውነቱን ከሌላ ከሰማ ሁለት ጊዜ ይሰበራል። «አዎ፣ ብያለሁ። ማለት አልነበረብኝም» የሚለውን ከልጃቸው አፍ ከሰሙት ግን ሊቆጡና ሊያቅፉ ይችላሉ፣ ሁለቱንም በአንድ ምሽት። ከወላጅ በቀር ያንን የሚችል ሰው ብዙ አላውቅም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ አደጋ ይቀራል፤ መልስ መስጠት። እናት ኮመንት ስር ገብታ «ልጄ እንዲህ አይደለም፣ እባክዎ እውነቱን ይረዱ» ብላ ትጽፋለች። ለሰዳቢው «እርስዎ» ብላ። መልሷ በደቂቃ ውስጥ ስክሪንሾት ይሆናል። መልስ በበዛ ቁጥር ደግሞ ያ ቪዲዮ ለሌላ ሰው ይታያል። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ዘፋኟ ባርብራ ስትራይሳንድ ቤቷ የሚታይበት የባሕር ዳርቻ ፎቶ ይነሳልኝ ብላ ከሰሰች። ከክሱ በፊት ፎቶው የወረደው ስድስት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሁለቱን ያወረዱት የራሷ ጠበቆች ናቸው። ክሱ ሲሰማ በአንድ ወር ከ420 ሺህ ጊዜ በላይ ድረ ገጹ ተጎበኘ። ዛሬም እንዲህ ያለው ነገር በስሟ ይጠራል። ለወላጅ ስትነግሩ ግን «አትጻፊ» ብቻ አትበሉ። ለልጇ መናገር እንደከለከላችኋት ነው የምትሰማው። እጇ ሥራ ፈልጓል፤ ሥራ ስጧት።

የወዳጄ አባት ደብተር የዋለው እዚህ ላይ ነው። ከስድቡ መሀል ዛቻ ነበረበት፤ «ቤትህን እናውቃለን» የሚል ዓይነት። ስድብና ዛቻ አንድ አይደሉም። ስድብ ይታለፋል፤ ዛቻ ይመዘገባል፣ ለቲክቶክ ወይም ለፌስቡክ ሪፖርት ይደረጋል፣ ለፖሊስም ይነገራል። ጽፈው የሚያጠፉ ብዙ ስለሆኑ ስክሪንሾት መነሳት አለበት፤ የአካውንቱ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ እየታየ። ወዳጄ ስክሪንሾት አልነበረውም። ማንበብ ስላልቻለ ስልኩን ዘግቶት ነበር። አባቱ ግን የቱ መቼ እንደተጻፈ በተራ ቁጥር ይዘውታል። ሁለቱ ተቀምጠው በደብተሩ መሠረት አንድ በአንድ ፈለጓቸው። ስድስቱን አገኙ። ሌሎቹ ጠፍተዋል። አባትየው ከዚያ ቀን በኋላ «የማን ልጅ ነው?» ብለው አልጠየቁም።

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ሌላ ጥያቄ «መቼ ነው የሚጠፋው?» ነው። እውነቱን ንገሯቸው። የሰው ትኩረት በቶሎ ይሄዳል። ጽሑፉ ግን ይቀራል። ጋዜጣ በማግስቱ ዕቃ ይጠቀለልበት ነበር፤ ይሄኛው ስም በተጻፈ ቁጥር ይነሳል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ሰው ጎግልን «በስሜ ሲፈለግ ይህ አይምጣ» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ያም ቢሆን ፍለጋው ላይ እንዳይመጣ ያደርጋል እንጂ ጽሑፉን ካለበት አያጠፋውም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውን ተረት እነሱ ናቸው ያስተማሩን። ይህንን ከማንም በላይ ይረዱታል።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚደውለው ማን ይሁን? እናንተ። ነገሩ እየተጋጋለ እንደሆነ ባያችሁበት ሰዓት፣ ለኮመንት መልስ ከመስጠታችሁ በፊት። ቃሉ ረጅም መሆን የለበትም። «እማዬ፣ ስለኔ አንድ ነገር ትሰሚ ይሆናል፣ ከኔ ስሚው ብዬ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሰዎች እየሰደቡኝ ነው። ምክንያቱ ይሄ ነው። ደህና ነኝ፣ ብቻዬን አይደለሁም። ሰው ደውሎ ከጠየቀሽ ‹ነግሮኛል› በይው። ማታ እመጣለሁ።» ከዚህ ውስጥ የምትይዘው «ነግሮኛል» የሚለውን ነው። ያ ደዋይ ሲደውል፣ «ልጅሽ ደህና ነው?» ብሎ ዝም ሲል፣ የምትለው ነገር አላት።

ስለ ቲክቶክና ስለ አልጎሪዝሙ የምትነግሯቸው ከዚያ በኋላ ነው፣ በአካል፣ ሁለት ስልክ ጎን ለጎን ይዞ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳይሆን ቀስ ብላችሁ። ስለ ስም መጥፋት ከእናንተ በፊት ያውቁ ነበር። አዲስ የሆነባቸው መሣሪያው ነው።

ወዳጄን ባለፈው አገኘሁት። ነገሩ ከተረሳ ወራት አልፏል። አባቱ አሁንም ማታ ማታ ይደውላሉ። ያኔ «ዛሬስ ምን አሉህ?» ነበር የሚሉት። አሁን ጥያቄው አጥሯል አለኝ። «በሩን ዘጋህ?» ብለው፣ «አዎ አባዬ» እስኪላቸው ይጠብቃሉ።